ወጥ ቤቱ ከምድር በታች ነው፦ ምናባዊ ልቦለድ ስለ መደብና ስለ ሥልጣን



የንግግሬ ርእስ በማስታወቂያ ሰሌዳ ላይ ከተለጠፈ በኋላ አንድ ባልደረባዬ ኮሪደር ላይ አግኝቶኝ «በዚህ ዕድሜህ ስለ ጠንቋይና ስለ ዘንዶ ልታስተምረን ነው?» ሲል ቀለደብኝ። ዘንዶ የለም፤ ጠንቋይ ጥቂት ይኖራል። በይበልጥ የምናገረው ግን ስለ አሽከሮችና ስለ ገረዶች ነው። በምናብ በተፈጠሩት ዓለማት ውስጥ ምግቡን ማን ያበስላል? ልብሱን ማን ያጥባል? ታሪኩስ ስለ እነዚህ ሰዎች ምን ይላል? ጉዳዬ ይኸው ነው።

«ምናባዊ ልቦለድ» ስል ቃሉን ሰፋ አድርጌ ነው የምጠቀምበት። በዘርፉ ጥናት ፋንታሲና የሳይንስ ልቦለድ ተለይተው ይታያሉ፤ አንዱ በአስማት፣ ሌላው በሳይንሳዊ ግምት ይንቀሳቀሳል። ለዛሬው ጥያቄዬ ልዩነቱ ብዙም አያስፈልገኝም። ሁለቱም በገሃዱ ዓለም የሌለ ፍጡር ፈጥረው ከሰው ጎን ሊያቆሙ ይችላሉ፤ እኔን የሚያሳስበኝ ያ ፍጡር ነው።

በእውነታዊ ልቦለድ ውስጥ የመደብ ልዩነት የሚታየው በልብስ፣ በአነጋገር፣ በቤት አሠራር፣ በዘር ቆጠራ ነው። የሐዲስ ዓለማየሁን «ፍቅር እስከ መቃብር» ያነበበ ሁሉ በበዛብህና በሰብለ ወንጌል መካከል የቆመውን ግንብ ያውቀዋል። ግንቡ የቱንም ያህል ቢጠነክር ሰው የሠራው መሆኑ ለአንባቢ ግልጽ ነው። ሁለቱ ወጣቶች በአካልም በነፍስም አንድ ዓይነት ፍጡራን ናቸውና፤ የሚለያያቸው የአባት ስም፣ ማዕርግና ርስት ነው። ምናባዊ ልቦለድ ግን ይህን ግንብ ከውጭ አንሥቶ ወደ ሰውነት ውስጥ ሊያስገባው ይችላል። ጌታው በደሙ አስማት ይዞ ይወለዳል፤ አሽከሩ ቁመቱ አጭር፣ ጆሮው ረጅም፣ ዓይኑ ጨለማ የለመደ ይሆናል። መደብ የነበረው ዝርያ ሆኖ ይመጣል። ተለዋጭ ዘይቤው የሚሠራው በዚህ መንገድ ነው፤ ኃይሉም አደጋውም የሚመነጨው ከዚሁ ነው። ስለዚህ እንዲህ ያለ ድርሰት ሳነብ አንድ ጥያቄ አስቀድማለሁ፤ በጌታና በአሽከር መካከል ያለው ልዩነት በታሪኩ ውስጥ ሲሠራ እናየዋለን? ወይስ ታሪኩ ሲጀምር አስቀድሞ ተወልዶና ጎልምሶ ይጠብቀናል?

ከእንግሊዛዊው ኸርበርት ጆርጅ ዌልስ ልጀምር። «የጊዜ መኪና» የተባለው አጭር ልቦለዱ የታተመው እ.ኤ.አ. በ1895 ነው። አንድ የለንደን ሳይንቲስት በሠራው መኪና ወደ 802,701 ዓመት ይጓዛል። እዚያም በመጀመሪያ ኤሎይ የተባሉ ውብ፣ ትንንሽና ደካማ ፍጡራን ያገኛል። ኤሎዮች ፍራፍሬ ይበላሉ፤ ይጫወታሉ፤ ይተኛሉ፤ አንዳች ሥራ አይሠሩም። ልብሳቸውና ጫማቸው ግን አዲስ ነው። የሚሸምን አይታይም፤ የሚሰፋ አይታይም። ተጓዡ ይህን ምሥጢር ሊፈታ ሲሞክር ከምድር በታች የሚኖሩ፣ ቆዳቸው የነጣ፣ ብርሃን የሚፈሩ ሞርሎክ የተባሉ ሌሎች ፍጡራን መኖራቸውን ይደርስበታል። መኪናዎቹን የሚያንቀሳቅሱት፣ ልብሱን የሚሠሩት እነሱ ናቸው። በጨለማ ሌሊት ወጥተው ኤሎዮቹን የሚበሉትም እነሱ ናቸው።

ተጓዡ ይህን ሁሉ በአንድ ጊዜ አይረዳም። ግምት ያቀርባል፤ ይሳሳታል፤ እንደገና ያርማል። ከእርማቶቹ አንዱ ላይ ሲደርስ የሁለቱ ዝርያዎች ምንጭ በራሱ ዘመን እንግሊዝ ውስጥ መሆኑን ይናገራል። በባለ ሀብትና በሠራተኛ መካከል ያለው ርቀት ቀስ በቀስ ሰፋ። ከምድር በታች የሚሄደውን የለንደን ባቡር፣ ከምድር በታች ያሉትን የሥራ ክፍሎችና ምግብ ቤቶች ይጠቅሳል። የምሥራቅ ለንደን ሠራተኛ አሁንም ቢሆን ከተፈጥሮ ተለይቶ እየኖረ አይደለምን? ይላል። ለስምንት መቶ ሺህ ዓመት እንዲህ ቢቀጥል ሠራተኛው ሌላ ፍጡር ይሆናል። ዝርያው ስለ ተለየ ከምድር በታች አልተወረወረም፤ ከምድር በታች ስለ ተወረወረ ዝርያው ተለየ። የዌልስ ድርሰት ትልቁ ነገር፣ በእኔ አስተያየት፣ ይህ የምክንያትና የውጤት ቅደም ተከተል ነው።

ዌልስ ይህን ከመጽሐፍ ብቻ አላገኘውም። የተወለደው በ1866 ከአነስተኛ ነጋዴ ቤተሰብ ነው። እናቱ ሣራ ከ1880 እስከ 1893 በሳሴክስ አውራጃ አፕፓርክ በተባለ የባላባት ግቢ ውስጥ የቤቱ አገልጋዮች ኃላፊ ሆና ሠርታለች። የዚያ ግቢ ወጥ ቤት ከዋናው ሕንጻ ተለይቶ የተሠራ ሲሆን አገልጋዮቹ ወደ ጌቶቹ ቤት የሚመላለሱት ከምድር በታች በተቆፈረ መተላለፊያ ነበር። ከላይ ሣርና አበባ፤ ከታች ሳሕን ተሸክሞ የሚሮጥ ሰው። ታዳጊው ዌልስ እናቱ ዘንድ በሚቆይባቸው ጊዜያት በዚያ መተላለፊያ ያልፍ ነበር፤ ከጌቶቹ ቤተ መጻሕፍትም እያወጣ ያነብ ነበር። ሞርሎኮች የመጡት ከዚያ መተላለፊያ ነው ቢባል ማጋነን አይሆንም።

አንድ ሌላ ትንሽ ነገር ልጨምር፤ ብዙ ተማሪ ሳያስተውለው ያልፋል። ተጓዡ ገና መኪናውን ሲያስነሣ የቤቱ አገልጋይ ወይዘሮ ዋቸት በክፍሉ በኩል ታልፋለች። ጊዜው ስለ ፈጠነ እርሷ እንደ ተተኮሰች ሮኬት ተወርውራ ስትሄድ ይታየዋል። ሲመለስ ደግሞ ወደ ኋላዋ ስትራመድ ያያታል። ተጓዡ መሄዱንም መመለሱንም የምንለካው በገረዷ እርምጃ ነው! ደግሞም ያ ሰው ሰውን እንደ ከብት የሚያረባና የሚበላ ዓለም አይቶ ሲመለስ በመጀመሪያ የሚጠይቀው ሥጋ እንዲያስቀሩለት ነው። ዌልስ ይህን ያለ ሐሳብ የጻፈው አይመስለኝም።

ይሁን እንጂ ድክመቱን መናገር አለብኝ። በዚያ መጽሐፍ ውስጥ ሞርሎክ አንድም ቃል አይናገርም። ተጓዡ የመደብን ታሪክ ያን ያህል አጥርቶ ከተረዳ በኋላ እንኳ ልቡ ያለው ከኤሎዮቹ ጋር ነው፤ ሰውን ስለሚመስሉ ያዝንላቸዋል። ሞርሎክን ግን ሲያይ ይጸየፈዋል፤ ሲያገኝ በብረት ይመታዋል። ስለ ሠራተኛው መበደል የተጻፈው ታሪክ ስለ ሠራተኛው መፍራት የተጻፈ ታሪክም ነው። በዚያ ዘመን የነበረው የአውሮፓ ከተሜ መካከለኛ መደብ ሁለቱን ስሜቶች አንድ ላይ ይዞ ይኖር ነበር፤ ምናልባት የዛሬው የእኛም እንዲሁ ይሆናል።

አሁን ከመቶ ዓመት በኋላ ወደ ተጻፈና ከእናንተ ብዙዎቻችሁ በፊልምም በመጽሐፍም ወደምታውቁት ሥራ ልለፍ። የጄ. ኬ. ሮውሊንግ «ሃሪ ፖተር» ሰባት ቅጾች ከ1997 እስከ 2007 የታተሙ ናቸው። በመደብ ረገድ ይህ ሥራ ሁለት ፊት አለው። በአንዱ ፊቱ ጥንቁቅ ነው። «ንጹሕ ደም» የሚባለውን ትምክህት ይዞ ባዶነቱን ያሳያል። ከአስማት ውጭ ካሉ ወላጆች የተወለደችው ሄርማይኒ ከክፍሉ ሁሉ ትበልጣለች፤ የደም ንጽሕናን ሰንደቅ ያነገበው ቮልድሞርት ራሱ አባቱ ተራ ሰው ነው። ጨዋነት ከዘር የሚወርስ ነው የሚለው እምነት ሰዎች ለጥቅማቸው የፈጠሩት ተረት መሆኑን አንባቢ በግልጽ ያያል።

ሁለተኛው ፊት ወጥ ቤት ውስጥ ነው። የሆግዋርትስ ተማሪዎች ገበታ በአስማት ይሞላል ብለን ሦስት ቅጽ ሙሉ እናነባለን። በአራተኛው ቅጽ ግን ከትልቁ አዳራሽ በታች ባለው ወጥ ቤት ውስጥ ከመቶ የሚበልጡ «የቤት ኤልፎች» የተባሉ ትንንሽ ፍጡራን ያለ ደመወዝ እንደሚያበስሉ ይገለጣል። እንግዲህ ወጥ ቤቱ እንደገና ከምድር በታች ነው። ሄርማይኒ ይህን ስትሰማ ትደነግጣለች፤ ማኅበር ታቋቁማለች፤ ጓደኞቿ ይሥቁባታል። ሮን የሚሰጣት መልስ አጭር ነው፤ ይወዱታል፣ ደስ ብሏቸው ነው የሚሠሩት ይላታል። ታሪኩም ለሮን ይመሰክርለታል። ከሥራዋ የተባረረችው ዊንኪ በነጻነቷ አዝና ጠጪ ትሆናለች። ነጻነቱን የሚወደው ዶቢ ብቻ ነው፤ እሱንም ወገኖቹ እንደ አፈንጋጭ ያዩታል። እነዚህ ፍጡራን መቼ፣ በማን፣ በምን ሕግ ለጠንቋዮቹ ተገዙ? ታሪኩ አያወጋንም። ስናገኛቸው መገዛትን ሲወዱ ነው የምናገኛቸው።

እርግጥ ነው፣ ደራሲዋ ጉዳዩን አልዘነጋችውም የሚል ተቃውሞ ሊነሣ ይችላል፤ በተማሪዎቼም ዘንድ ተነሥቷል። በአምስተኛው ቅጽ በአስማት ሚኒስቴሩ አዳራሽ አንድ የወርቅ ሐውልት አለ፤ ኤልፍና ሌሎች ፍጡራን ጠንቋዮቹን በአድናቆት አንጋጠው ያያሉ። ሐውልቱ ከተሰባበረ በኋላ ዳምብልዶር ያ ሐውልት ውሸት ይናገር እንደ ነበር ለሃሪ ይነግረዋል። ይህ ትልቅ ቃል ነው። በዚያው ቅጽ በአንድ የድሮ ባላባት ቤት ግድግዳ ላይ ያረጁ ኤልፎች ራስ እንደ አደን ሥጦታ ተሰቅሎ እናያለን፤ ይህንንም ያለ ምክንያት አልጻፈችውም። ተቃውሞውን በከፊል እቀበላለሁ። በከፊል የምለው ሰባተኛው ቅጽ እንዴት እንደሚያልቅ ስለማስታውስ ነው። ጦርነቱ አልቋል፤ ጨቋኙ ወድቋል። ከመዝጊያው ምዕራፍ በፊት ደክሞት ወደ አልጋው የሚያመራው ሃሪ የሚያስበው ክሪቸር የተባለው የራሱ ኤልፍ ሳንድዊች ያመጣለት እንደ ሆነ ነው። ክሪቸር ነጻ አልወጣም፤ ደግ ጌታ አገኘ እንጂ።

ይህን ክፍል ከጥቂት ዓመታት በፊት በሴሚናር ሳስተምር ተማሪዎቼን «ዛሬ ጠዋት ቁርሳችሁን ማን ሠራላችሁ?» ብዬ ጠየቅኋቸው። አንዲት ጎበዝ ተማሪ እጇን አውጥታ የእነርሱን ቤት ሠራተኛ አነሣች። «እሷ እኮ እንደ ልጃችን ናት፤ ደስ ብሏት ነው የምትሠራው» አለችኝ። ከዚያ የተናገረችውን ራሷ ሰማችው መሰለኝ፣ ዝም አለች። ክፍሉም ዝም አለ። እኔም ምንም አልጨመርሁም፤ በእኔ ቤትም ከገበታ በኋላ የምትበላ ልጅ ነበረችና።

ቶልኪንን በጨረፍታ ልንካ፤ አለማንሣት ቅሬታ ያስከትልብኛል። «የቀለበቶቹ ጌታ» ውስጥ ሳም የፍሮዶ አትክልተኛ ነው፤ እስከ መጨረሻውም «ጌታዬ» እያለ ነው የሚጠራው። ቶልኪን በአንደኛው የዓለም ጦርነት መኮንን ሆኖ ያያቸውን ተራ ወታደሮችና የመኮንን አገልጋዮች በሳም መልክ ማስታወሱን ራሱ ተናግሯል። ፍሮዶ ሲሄድ ቤቱን ለሳም ይተውለታል፤ ሳምም የአገሩ ከንቲባ ይሆናል። መደቡ እንዳለ ይቀራል፤ አንድ መልካም አሽከር ግን ደረጃውን ወጥቶ ይገባል። የኡርሱላ ለጊን የ1973 አጭር ልቦለድ ስለ ኦሜላስ ደግሞ ከሁሉም ይለያል። የአንዲት ከተማ ደስታ ሁሉ በምድር ቤት በተዘጋ አንድ ሕፃን ሥቃይ ላይ የቆመ ነው። ነዋሪው ሁሉ ያውቃል። ያ ሕፃን ዝርያው አልተለየም፤ ደሙ አልተለየም። ማንም ሊሆን ይችል ነበር። እዚህ ላይ ተለዋጭ ዘይቤው ሥጋና ደም ውስጥ አልተሸሸገም፤ ስምምነት መሆኑ ተገልጦ ቆሟል።

አሁን ወደ ቤታችን ልመለስ። ምናባዊ ልቦለድ የባዕድ ነገር ነው፣ እኛ አናውቀውም የሚል አስተያየት አልፎ አልፎ እሰማለሁ። አሽከርን ወደ ሌላ ዝርያ የመለወጥ ምናብ ግን በአገራችን ከዌልስ በፊት ለዘመናት ሲሠራ ኖሯል። ልዩነቱ እኛ መጽሐፍ አድርገን አለመጻፋችን ነው፤ አምነነው ኖርንበት።

እኔ ባደግሁባት ትንሽ ከተማ ቅዳሜ ቅዳሜ አንዲት ሸክላ ሠሪ ማሰሮና ጀበና አዝላ ወደ ገበያ ትመጣ ነበር። አያቴ ከእርሷ ዘንድ ካልሆነ ጀበና አትገዛም፤ አፈሩን ታውቅበታለች ትል ነበር። ሴትዮዋ ወደ ደጃችን ስትቀርብ ግን እኔን ምግብ ይዤ ከሆነ ወደ ጓዳ ትከተኛለች። «ፊቷ አትብላ» ትለኛለች። ጠይብ ቡዳ ነው፤ ቡዳ በዓይኑ ይበላል፤ ሌሊት ጅብ ይሆናል። የተገደለ ጅብ ጆሮ ላይ የብር ጉትቻ ተገኘ የሚለውን ወሬ ያልሰማ የእኔ ዘመን የገጠር ልጅ ያለ አይመስለኝም። በዚያ ጀበና የተፈላውን ቡና እየጠጣን ነበር ይህን የምናወራው።

ይህን እምነት በዌልስ ዓይን እንየው። በብዙ የሰሜን ኢትዮጵያ አካባቢዎች ቀጥቃጮችና ሸክላ ሠሪዎች ርስት የሌላቸው ነበሩ። በጎንደር አካባቢ ብዙ ጊዜ እነዚህን ሙያዎች የያዙት ቤተ እስራኤል ናቸው። በአሥራ አምስተኛው መቶ ዘመን በዐፄ ይስሐቅ ዘመን ክርስትና ያልተነሣ የአባቱን ርስት እንዳይወርስ ተወሰነ የሚል ትውፊት አለ። የውሳኔው ዝርዝር በታሪክ ተመራማሪዎች ዘንድ ያከራክራል፤ ውጤቱ ግን ለዘመናት ታይቷል። መሬት የሌለው ሰው በእጁ ሙያ ማደር ነበረበት። ብረት ቀጠቀጠ፤ ሸክላ ሠራ። ማረሻውን ከእርሱ የሚገዛው ገበሬ ደግሞ ስለ ሠሪው ተረት ነገረ። በተረቱ ውስጥ ቅደም ተከተሉ ተገለበጠ። መሬት ስላልነበረው ቀጥቃጭ የሆነው ሰው፣ ጅብ ስለ ሆነ መሬት የማይገባው ሰው ሆኖ ተተረከ። ሐጋር ሳሎሞን የተባለች ተመራማሪ በእስራኤል አገር ከሚኖሩ ቤተ እስራኤል ትዝታ ሰብስባ በ1999 ባሳተመችው መጽሐፍ ርእስ ላይ «የጅብ ሕዝብ» የሚለውን ስያሜ ያኖረችው በዚሁ እምነት ምክንያት ነው።

ኤሎዮቹ ልብሳቸውን ማን እንደሚሠራ አይጠይቁም ነበር። ገበሬያችን ጠንቅቆ ያውቃል፤ ማረሻ ሠሪውን በስሙ ይጠራዋል፤ አብሮት ግን አይበላም፤ ልጁን አያጋባውም። ዐፄ ምኒልክ ባለ እጆችን በሙያቸው መስደብን የሚከለክል አዋጅ እስከ ማስነገር መድረሳቸው የነገሩን ክብደት ያሳያል። አዋጅ ስድብን ሊከለክል ይችላል። የሚያስቸግረው ግን ተረት ነው፤ ተረት ባለቤት የለውምና በማን ላይ ይፈረዳል? የልቦለድ አንባቢ መጽሐፉን ሲዘጋ ሞርሎክ እንደሌለ ያውቃል። የቡዳ ተረት ግን መሸፈኛ የለውም፤ በስሙ ሰው ተደብድቧል፤ ቀዬውን ጥሎ ተሰዷል።

ከእኛ ደራስያን ይህን ግልብጥ ቅደም ተከተል በምናብ ኃይል መልሶ ያቃናው አቤ ጉበኛ ይመስለኛል። በንጉሠ ነገሥቱ ዘመን ታትሞ የታገደው «አልወለድም» ገና በማሕፀን ያለ ጽንስ ወደዚህ ዓለም አልመጣም ብሎ ሲሟገት ያሳየናል። ሐያስያን አብዛኛውን ጊዜ መጽሐፉን ለፖለቲካ መልእክቱ ያነሡታል፤ ትክክል ነው። እኔን የሚደንቀኝ ግን ደራሲው ተናጋሪውን ያቆመበት ስፍራ ነው። ያልተወለደ ሰው ገና ጌታም አሽከርም አይደለም። ጨዋ ወይም ጠይብ የሚያሰኘው ስም ገና አልወጣለትም። ማንም ሕያው ሰው ሊቆምበት በማይችል ስፍራ ቆሞ፣ ተፈጥሮ የሚባለው ነገር ሊጫንበት ሲል እያየ ይከራከራል። ዌልስ ስምንት መቶ ሺህ ዓመት ወደ ፊት ሄዶ ያሳየንን አቤ ዘጠኝ ወር ወደ ኋላ ሄዶ አሳየን። ሞርሎክ ያልተሰጠውን አንደበትም ሰጠው።

ለተመራቂ ተማሪዎች አንድ ነገር ልተውላችሁ። ስለ ቡዳ የተጻፈ ጥናት አለን፤ በአብዛኛው ግን የሚነግረን ጨዋው ስለ ጠይቡ የሚያወራውን ነው። ጠይቡ ማታ በምድጃው ዙሪያ ለልጆቹ ስለ እኛ ምን ይተርክ ነበር? በእነርሱ ተረት ውስጥ ማታ ማታ ወደ አውሬ የሚለወጠው ማን ነው? በአያቴ ደጅ ትቆም የነበረችው ሸክላ ሠሪ ልጆች ነበሯት፤ ሕፃን በጀርባዋ አዝላ ከማሰሮው ጋር ስትመጣ አይቻለሁ። ለዚያ ሕፃን ምን ነግራው እንዳሳደገችው አልጠየቅኋትም፤ ስሟንም አላውቅም። ዛሬ በሸክላ ሥራ የሚተዳደሩ ማኅበረሰቦች በብዙ አካባቢ አሉ፤ አረጋውያኑም አሉ። የመመረቂያ ጽሑፉን በዚህ ላይ ለመሥራት የሚፈልግ ተማሪ ካለ ማክሰኞና ሐሙስ ከሰዓት በኋላ ቢሮዬ እገኛለሁ።

አሁን ጥያቄዎቻችሁን እቀበላለሁ።